ከሬዚን የተሠራው የሞዴል ባቡር መጋዘኔ ጎበጠ፣ ቀለሙም ተላጠ፤ ምን ይሻላል? (መልሶቹን ከሥር ጨምሬያለሁ)

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። ሳሎናችን ውስጥ ርዝመቷ 1 ሜትር ከ40፣ ወርዷ 32 ሳንቲም የሆነች ጣውላ አለችኝ፤ ሞዴል ባቡሬ እንዳለ እሷ ላይ ነው። ስኬሉ ኤችኦ ነው፣ 1፡87፤ ማለትም ሁሉ ነገር ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል። ሁለት ሐዲድ፣ ሁለት የሐዲድ መቀየሪያ፣ አንድ ትንሽ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ፣ አምስት ፉርጎ። ባቡሩ የትም አይሄድም። ፉርጎ ይገፋል፣ ፉርጎ ይጎትታል፣ በቃ።

ከሐዲዱ ጀርባ ሰማይ የቀባሁበት ሰሌዳ አለ፤ ባዶነቱ አስጠላኝ። ለሙሉ ቤት ቦታ ስለሌለኝ ፊቱ ብቻ የሚታይ፣ ጀርባው የተቆረጠ የጡብ መጋዘን ኪት፣ ማለትም ራስ የሚገጣጥሙት ሞዴል፣ ገዛሁ። ርዝመቱ 38 ሳንቲም፣ ጥልቀቱ 4 ሳንቲም ተኩል። ሙሉው ሬዚን ነው፣ ፈሳሽ ሆኖ ቅርጽ ውስጥ ከተፈሰሰ በኋላ የሚጠነክር ፕላስቲክ፤ የፊት ግድግዳው በሁለት ቁራጭ፣ ሁለት አጫጭር የጎን ግድግዳዎች፣ የጭነት መድረክ፣ በሮችና መስኮቶች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ካርቶኑን ስከፍት አንደኛው የፊት ግድግዳ ጎብጧል። መስታወት ላይ በአፉ ስደፋው መሃሉ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይነሳል፤ የክብሪት እንጨት በሥሩ እንደልቡ ያልፋል።

ይሁን ብዬ ደህነኛውን ግድግዳ ቀባሁ። በማግስቱ የበሩን ዳር ለመለየት የለጠፍኩትን የወረቀት ፕላስተር ስነቅል ቀለሙ እንደ ሙዝ ልጣጭ አብሮ መጣ። ከሥሩ ያው ቅባት ቅባት የሚለው ክሬም ሬዚን።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። የጎበጠው ይቃናል ወይ? ቀለሙ ለምን አልያዘም? ደግሞስ ይህ 4 ሳንቲም ተኩል የሆነ ቁራጭ ሰማይ ላይ የተለጠፈ ብስኩት ሳይመስል እንዴት ይቆማል? ሻጩን በስም አልጠራም፤ ግን ተናድጃለሁ።

*

ከዚህ በታች ያለው ከሁለት ሳምንት በኋላ የጨመርኩት ነው። መልሶቹ በዙ፣ ግማሾቹም ከርዕሱ ወጡ፤ አዲስ የሚመጣ ሰው እንዳይጠፋበት በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ላስቀምጣቸው።

1. የመጀመሪያው መላሽ ከአዲስ አበባ ነበር፣ በጣም ጨዋ ልጅ። እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ጀመረና የጎበጠ ሬዚን በሙቅ ውሃ እንደሚቃና ነገረኝ። ሰፋ ያለ ትሪ ውስጥ ወደ 70 ዲግሪ የሚጠጋ ውሃ፣ ማለትም የፈላው ጥቂት ከተነፈሰ በኋላ፣ ግድግዳውን ሁለት ሦስት ደቂቃ መንከር። እንደ ቆዳ ልስልስ ሲል አውጥቶ መስታወት ላይ ማስተኛት፣ በላዩ ሌላ መስታወትና ሁለት ወፍራም መጽሐፍ መጫን፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አለመንካት። በእጅ ለማቃናት መታገል ደረቅ ሬዚንን ይሰብረዋል፤ እሱ ሁለት እንዲህ ሰብሯል። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ አሳሰበ፦ ሬዚን የተቃናበትን ቅርጽ ለዘላለም አይዝም፣ ስለዚህ ከጀርባው የእንጨት ዘንግ ወይም የአሉሚኒየም ማዕዘን ካልተለጠፈበት ተመልሶ ይጎብጣል።

2. ከእስራኤል የጻፈች እህት። የጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ከሲሊኮን ቅርጽና ከሬዚን ጋር ነው የምትውለው። የቀለሙን ነገር የፈታችው እሷ ናት። ሬዚኑ ከሲሊኮን ቅርጽ ውስጥ በቀላሉ እንዲላቀቅ አምራቾች ብዙ ጊዜ ቅርጹን ማላቀቂያ ይቀቡታል፣ ያ ቅባት ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ቀለሙ የያዘው ቅባቱን እንጂ ሬዚኑን አይደለም። መድኃኒቱ ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ። የጡቡን መስመር ተከትሎ መፋቅ፣ በደንብ ማለቅለቅ፣ አንድ ሌሊት ማድረቅ፣ ከዚያ በኋላ በጣት አለመነካካት፤ የእጅም ወዝ ወዝ ነው። ቀጥሎ በጣም ስስ ፕራይመር፣ ከቀለም በፊት የሚቀባው ሽፋን። የተላጠውን ቀለም በላዩ ላይ ደርቤ እንዳልቀባ፣ ሁሉንም አንስቼ ከዜሮ እንድጀምር አዘዘችኝ። አዘዘችኝ የምለው በእውነት አነጋገሯ እንደዚያ ስለነበር ነው።

3. ዋጋው ስንት ነው ያለ ሰው። አልመለስኩለትም፣ ባለቤቴም ይህን መድረክ ታነባለች።

4. እዚህ ላይ ነገሩ መጣመም ጀመረ። አንድ ወንድም ይህ ሁሉ ማጠብና መቀቀል የሴት ወይዘሮ ሥራ ነው ብሎ አጣጣለ። እሱ ቤቶቹን የሚያጣብቀው በተራው የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያ እንደሆነ፣ አንዱንም አጥቦ እንደማያውቅና አራት ዓመት ሙሉ አንድም ግድግዳ እንዳልወደቀበት ጻፈ። ሰው ችግር መፍጠር ይወዳል ብሎም ዘጋ።

5. ለ4ኛው የተሰጠ እርማት፣ ለስለስ ያለ። የፕላስቲክ ሞዴል ማጣበቂያ በመሠረቱ ሙጫ አይደለም፤ ፖሊስታይሪን የሚባለውን የተለመደ የሞዴል ፕላስቲክ የሚያሟሟ ፈሳሽ ነው። ሁለቱን ጠርዞች ያቀልጥና አንድ ያደርጋቸዋል። እነዚህ ኪቶች ግን በአብዛኛው ፖሊዩሪታን ሬዚን ናቸው፣ ፈሳሹ አያሟሟቸውም፣ ላያቸው ላይ ደርቆ ይቀራል። ለሬዚን ሱፐር ግሉ ወይም ሁለቱ ቱቦ የሚደባለቁት ኢፖክሲ ነው የሚሆነው። ለረጅም ግድግዳ ኢፖክሲው ይመረጣል፣ ቀስ ብሎ ስለሚጠና ማዕዘኑን ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ምናልባት የወንድማችን ቤቶች ፖሊስታይሪን ይሆናሉ ብሎ መውጫ በር ትቶለት ነበር።

6. 4ኛው በበሩ አልወጣም። ዕቃውን የማያውቅ አድርገህ ነው የምትቆጥረኝ ብሎ ተቆጣ፤ 5ኛውን መጽሐፍ አንባቢ፣ 2ኛዋን ደግሞ ጥርስ ነቃይ አለ። አወያዩ አንዱን መስመር አጠፋው።

7. ሜሪላንድ የምትኖር ነርስ ስለ አቧራው ብቻ ጻፈች፣ አጭርና ጠንካራ። የሬዚን አቧራ ለሳንባ አይሆንም። ሞረድም ሆነ የብርጭቆ ወረቀት ስትጠቀሙ ውሃ እየነከራችሁ አርጥባችሁ ፋቁ፣ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን ደህና ማስክ አድርጉ፣ ሱፐር ግሉ ስትጠቀሙ መስኮት ክፈቱ። ግድግዳው የተነከረበት ትሪም ከዚያ በኋላ ምግብ አይነካውም አለች። እኔ በዚያ ሰዓት ግድግዳውን የነከርኩት በዳቦ መጋገሪያችን ትሪ ነበር። አዲስ ገዝቻለሁ።

8. ሙቅ ውሃ ትቶ ምድጃ የሞከረ ሰው ኑዛዜ። ዳቦ መጋገሪያው ውስጥ ከቶ ስልክ ተደወለለት፤ ሲመለስ ግድግዳው እንደ ሰነበተ እንጀራ ዳር ዳሩ ተጠቅልሎ አገኘው። የፀጉር ማድረቂያም እንደማይሻል ጨመረ፤ አንዱን ቦታ ብቻ ስለሚያሞቅ ቀጥ ያለውን ሁሉ ያጣምማል። ውሃ ግን ሁሉንም እኩል ነው የሚያሞቀው።

9. እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ሻጩን ስንራገም ነበር። 9ኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ካርቶኑን ለሦስት ሳምንት የት ነበር ያስቀመጥከው? ደግሞስ የጎበጠው ከላይ የነበረው ነው ወይስ ከታች?

እውነቱን ልናገር። ያስቀመጥኩት መስኮቱ ሥር ባለው የቤት ማሞቂያ ላይ ነው። ክረምት ነው፣ ማሞቂያው ቀንም ሌሊትም ይሠራል። የጎበጠው ከካርቶኑ ግርጌ የነበረው፣ ለብረቱ የቀረበው ግድግዳ ነው። ከላይ የነበረው ውሃ ልክ ቢቀመጥበት ቀጥ ያለ ነው። ለሻጩ ጽፌው የነበረውን ደብዳቤ ሰረዝኩት፤ ደግነቱ አልላክሁትም።

10. 4ኛው በዚህ ደስታውን መደበቅ አቃተው። ስድስት የሳቅ ምልክት።

11. ከድሬዳዋ የመጡ አባት፤ ሰባ ዓመት እንዳለፋቸው ከጽሑፋቸው ያስታውቃል፣ ሁላችንም ጋሼ ነው ያልናቸው። አባታቸው በምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠርተዋል። የእኛ አገር የራሱ ባቡር እያለ ስለምን የጀርመን ጡብ ታቆማለህ ብለው ወቀሱኝ፣ በአባት ወግ። ድሬዳዋ ራሷ ባቡር የወለዳት ከተማ መሆኗን፣ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 እንደደረሰላት፣ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 መሆኑን አስታወሱን። ከዚያም ለገሃርን አነሱ። የጣቢያው ሕንፃ ከአደባባዩ ስታየው ሁሉ ነገሩ ፊት ነው፤ ፊቱን ብቻ ሠርተህ ሰማዩ ላይ ብታስደግፈው ምን ይጎድለዋል አሉ። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይ ቃል መምጣቱን ለልጆቹ ነግረው ጨረሱ።

12. አንድ ፈጣን ወጣት ቁጥር ይዞ ገባ። የድሮው መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ ለ87 ሲካፈል 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ይመጣል፣ ስለዚህ 12 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ነው የሚያስፈልገው። የእኔ ሐዲድ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ87 ሲባዛ ወደ 1435 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ይህ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ልክ ነው። ስለዚህ ለገሃርን ከጀርባ ካቆምኩ ከፊቱ የሚሄደው ባቡር ውሸት ይሆናል፤ አዲሱ ባቡር ለገሃር አይገባም። ቁጥሩ ልክ ነው። አነጋገሩ ግን ለሽማግሌ የሚሆን አልነበረም።

13. ጋሼ መለሱለት። የሐዲዱን ስፋት ካንተ በፊት በእግሬ ነው የለካሁት አሉ፣ ልጅ ሳለን በእንጨቶቹ ላይ እየዘለልን። ከዚያ በኋላ ወጣቱ አንቱ ማለት ጀመረ። ክሩ፣ የመልሶቹ ሰንሰለት ማለቴ ነው፣ ግን ለአንድ ቀን ሙሉ ስለ ድሬዳዋ ሆነ፤ ስለ ፉርጎ ጣራ ተሳፋሪዎች፣ ስለ አሸዋው፣ በየጣቢያው መስኮት ሥር ስለሚሸጠው ፍራፍሬ። አልቆጨኝም።

14. ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ሲጫወት ማየት ያሳፍራል ያለም አልጠፋም።

15. የጥርስ ላቦራቶሪዋ እህት መለሰችለት። እዚህ ድረስ መጥቶ 13 መልስ አንብቦ ለመስደብ ጊዜ ያገኘ ሰው ከአሻንጉሊት ምን እንደሚሻል ጠየቀች። ዝም አለ።

16. የክሩ ምርጥ መልስ ይህ ነው፣ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው አዲስ አበባ ውስጥ ለቴአትር መድረክ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ፊቱ ብቻ ያለ ቤት ሲያቆሙ ነው ዕድሜያቸው ያለፈው። ሦስተኛውን ጥያቄዬን ማንም ስላልነካው እሱን ብቻ ነው የመለሱት።

መጀመሪያ ጣራው። እንዲህ ያለ ቤት የሚጋለጠው ግድግዳው ላይ አይደለም፣ ጣራው ላይ ነው። የጣራው ተዳፋት ወደ ኋላ ሄዶ አናቱ ላይ ተቆርጦ ይቆማል፤ ተመልካቹ ከአናቱ በላይ ሆኖ ካየ ቁርጡን ያያል፣ ከሱ ጋር ሰማዩ ከቤቱ ጀርባ ላይ እንደ ወረቀት ሲለጠፍ ያያል። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ጣውላውን ከፍ አድርጎ ዓይን ከጣራው አናት በታች እንዲውል ማድረግ። ወይ ግድግዳውን ከጣራው በላይ አንድ ሁለት ሳንቲም አስረዝሞ ጣራውን ጨርሶ መሸፈን። የእኔ ጣውላ ከወለሉ 1 ሜትር ከ5 ላይ ነበር። ጣውላውን የደገፉትን ቅንፎች ነቅዬ ከፍ አደረግኋቸው፣ ግድግዳው ላይ ስምንት ቀዳዳ ቀርቷል።

ሁለተኛ ጥላው። ሰማይ ላይ የቤት ጥላ ካረፈ ጨዋታው አለቀ፤ ጥላ የሚያርፍበት ሰማይ የለም። መብራቱን ከጣውላው በላይና ከፊት ስጡት፣ ጥላው ወደ ታች እንዲወድቅ። ከጎን የሚመጣ የጠረጴዛ መብራት ጠላት ነው።

ሦስተኛ ዳርቻው። የጎን ግድግዳው ከሰማዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል፣ ዓይን እዚያ ይሄዳል። አንድ ዛፍ፣ የጭስ ማውጫ፣ የውሃ ታንከር፣ ምንም ይሁን ምን እዚያ መቆም አለበት። ሁለቱ የፊት ቁራጮች የሚጋጠሙበትን ስንጥቅ ደግሞ በስቱኮ እየሞላችሁ አትድከሙ፣ የጡቡ መስመር ይጠፋል፤ አሸንዳ አውርዱበት። እውነተኛ ቤት ሁሉ አሸንዳ አለው፣ ማንም አይጠረጥርም። ይህን ሳነብ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ከ3 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ዘንግ ቆርጬ ግራጫ ቀባሁት፤ ስንጥቁ የት እንደነበር አሁን እኔም አላገኘውም።

የመጨረሻው ቀለሙ። ሩቅ ያለ ነገር ይገረጣል፤ ስለዚህ ለመጋዘኑ በሚደባለቀው ቀለም ሁሉ ውስጥ ሰማዩን ከቀባህበት ቀለም ጠብታ ጨምርበት አሉ። ፉርጎው ደማቅ ይሁን፣ ቤቱ ይደብዝዝ።

17. ስለ ጡቡ። አንዱ ተቆርቋሪ ካልኩሌተር ይዞ መጣ፤ የድሮው የጀርመን ጡብ ከፍታው 65 ሚሊ ሜትር፣ በመካከሉ ያለው ሲሚንቶ ወደ 12። በ1፡87 ጡቡ 0.75፣ ሲሚንቶው 0.14 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው፤ ከፀጉር ጥቂት የሚወፍር። ኪቱ ላይ ያለው መስመር ግን ሁልጊዜ ከዚያ ይሰፋል፣ ነጭ ከተቀባ ቤቱ የዳማ ገበታ ይመስላል። ስለዚህ ስቲላቱራው፣ በጡቦቹ መካከል ያለው መስመር፣ ነጭ አይሁን፤ ከጡቡ ቀለም አንድ ደረጃ ብቻ የሚነጣ ግራጫ በብዙ ውሃ ቀጥኖ ይፍሰስበት፣ ላዩ በጨርቅ ይጠረግ። አደረግሁት። የመጀመሪያው ሙከራ ጭቃ ሆነ፣ ምክንያቱም የጡቡ ቀለም ሳይደርቅ ነበር ያፈሰስኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔም በጥርስ ብሩሽ ስለቅም አመሸሁ።

18. መጋዘኑ ከሐዲዱ ምን ያህል ይራቅ የሚለውን ያነሳ። ጭነት መድረኩ ለሐዲዱ ከተጠጋ ፉርጎው ይቧጥጠዋል፤ 3 ሜትር ስፋት ያለው ፉርጎ በዚህ ስኬል 34 ሚሊ ሜትር ተኩል ስለሆነ ከሐዲዱ መሃል ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ይተው፣ ሐዲዱ ከታጠፈ ደግሞ ይጨመር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኢፖክሲው ከመደባለቁ በፊት ረጅሙን ፉርጎ በእጅ ገፍቶ ማሳለፍ ነው። እኔ ገፋሁ፤ አራቱ አለፉ፣ አምስተኛው ደረጃውን ነካው። ደረጃውን በሞረድ ቀነስኩለት፣ አርጥቤ።

እዚያው ላይ ወጣቱ፣ 12ኛው ማለት ነው፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ሌላ በ1፡160 የተሠራ ትንሽ ቤት ብታስቀምጥ ርቀት ይፈጥራል ብሎ አከለ። የሁለት ሜትር በር በእኔ ስኬል 23 ሚሊ ሜትር ነው፣ በዚያ ግን 12 ተኩል፤ ዓይን ሩቅ ነው ብሎ ያምናል። የቴአትሩ ባለሙያ፣ 16ኛው፣ ተስማሙ፣ ነገር ግን በሩ እንዳይታይ አሉ፤ ጣራና ጭስ ማውጫ ብቻ ብቅ ይበል። በር ከታየ ሰው መለካት ይጀምራል።

19. 4ኛው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ቁጣ የለም። ቤቶቹን አገላብጦ አይቷቸዋል፤ ሦስቱ በእርግጥ ፖሊስታይሪን ናቸው፣ አራተኛው ግን በቅርቡ የገዛው ሬዚን ነው፣ የጎን ግድግዳውም ፉርጎ ሲነካው ተላቆ ወድቋል። ይቅርታ የሚል ቃል አልጻፈም። ኢፖክሲ ለመጥናት ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ ብቻ ጠየቀ። 5ኛው አንዳችም ሳይጨምር መለሰለት፤ የአምስት ደቂቃ የሚባለውም ቢሆን አንድ ሌሊት ታስሮ ቢያድር ይሻላል።

የእኔን ትናንት ማታ አጣበቅሁ። የጎበጠው ግድግዳ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ ከገባ በኋላ ተቃንቷል፣ ከጀርባው የአሉሚኒየም ማዕዘን አለው፣ ማዕዘኑና ግድግዳው በዘጠኝ የልብስ መቆንጠጫ ተይዘዋል። ካርቶኑ ከማሞቂያው ላይ ተነስቷል። ጋሼ ዛሬ ጠዋት ደግሞ የለገሃርን የፊት ገጽ ፎቶ ልከውልኛል፣ ምንም ሳይጽፉ። መቆንጠጫዎቹ ለልብስ ተፈልገዋል፤ እስከ ማታ ታገሺኝ ብያለሁ።